ሹመት መብላትና አደራ መብላት፦ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር በአማርኛ አነጋገርና ጽሑፍ

1. መነሻ

በአማርኛ ስለ ሹመትና ስለ ፍርድ ከሚነገሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች መካከል ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚጣሉ ይመስላሉ። አንደኛው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ነው። ሁለቱም ስለ ቁጭት ይናገራሉ። የመጀመሪያው ሰው የሚቆጨው ሳይበላ በመቅረቱ ነው። ሁለተኛው ግን የጠፋበትን ነገር ብዛት አይቆጥርም፤ የሚቆጨው በጠፋበት መንገድ ነው። ሁለቱን አባባሎች የፈጠራቸው አንድ ሕዝብ ነው፤ አንድ ሰውም በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ሲናገር ልንሰማው እንችላለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለውን ርቀት በታሪክና በጽሑፍ መከታተል ነው። የማስተምረው ሥነ ጽሑፍ እንጂ ፍልስፍና አይደለም። ወደዚህ ጉዳይ የገፋኝም የመጻሕፍት ፍቅር ብቻ ሳይሆን በምኖርበት በቦሌ ቡልቡላ፣ በአንድ የሰፈር እድር ውስጥ፣ በገዛ እጄ የፈጸምኩት ጥፋት ነው።

እንደሚታወቀው የሥነ ምግባር ፍልስፍና ዐበይት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አሪስቶትል የተከለው ሲሆን ሰው በልምምድ የሚያዳብረውን መልካም ጠባይ መነሻ ያደርጋል። ሁለተኛው ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተነተነው የግዴታ ሥነ ምግባር ነው፤ አንድ ነገር ከማድረጌ በፊት «ሰው ሁሉ እንደዚሁ እንዲያደርግ እፈቅዳለሁን?» ብዬ ራሴን እንድጠይቅ ያዝዛል። ሦስተኛው ቤንታም ጀምሮት ጆን ስቱዋርት ሚል ያስፋፋው ሲሆን የአንድን ድርጊት መልካምነት ለብዙ ሰው በሚያስገኘው ደስታና ጥቅም ይመዝናል። እነዚህ መንገዶች ከእኛ አፍ የራቁ አይደሉም። «ጨዋ ነው» ስንል ስለ ጠባይ፣ «ደንብ ነው» ስንል ስለ ግዴታ፣ «ማን ተጎዳ?» ስንል ስለ ውጤት መናገራችን ነው። በእድራችን ውስጥ ሦስቱም ተነግረዋል።

2. የእድሩ ደረሰኝ

ቦሌ ቡልቡላ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ደቡብ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። ብዙ ሩቅ ባልሆነ ጊዜ የገበሬ ማሳ ነበር፤ ዛሬ የመኖሪያ ቤቶች፣ ፎቆችና ገና ያላለቁ ሕንፃዎች ሞልተውታል። ነዋሪው ከየአቅጣጫው የመጣ ስለሆነ አባትህን፣ አያትህን ጠርቶ የሚያውቅህ ሽማግሌ በቀላሉ አይገኝም። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስተዋውቀው እድር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚያቆመው በየወሩ የሚዋጣው ገንዘብና ገንዘቡ የሚጻፍበት መዝገብ ነው። እኔም መምህር በመሆኔ፣ ጽሕፈትህም ይነበባል ተብዬ፣ የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ።

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት በተከታታይ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ያልከፈለ አባል፣ ሞት ከመድረሱ በፊት ውዝፉን ካላጠናቀቀ፣ የሐዘን ገንዘብ አያገኝም። አንድ ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ባሏ ሞተባት። የአራት ወር ውዝፍ ነበረባት። ሴትዮዋ በሰፈሩ የተወደደች ናት፤ ያልደረሰችበት ለቅሶ፣ ያልጠየቀችው ሕመምተኛ የለም። በዚያው ሌሊት ሁለት የተከበሩ ጎረቤቶች ወደ ቤቴ መጡ። «መምህር፣ ውዝፉን እኛ እንከፍላለን። እርስዎ ብቻ ደረሰኙን ባለፈው ወር ቀን ያድርጉልን» አሉኝ። እድሩ ከመዋጮው አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም፤ ሴትዮዋም ከሐዘኗ ላይ ውርደት አይጨመርባትም። ጻፍኩላቸው። ማን ተጎዳ? ብዬ ተኛሁ።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ሕፃን ልጁ ሞተችበት። የእርሱም ውዝፍ አራት ወር ነበር። ለእርሱ ብሎ ግን በሌሊት በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ኮሚቴው ደንቡን ጠቅሶ ወሰነ። ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለሰውየው ያነበብኩለትም እኔ ነኝ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «እሺ ጋሼ፤ ደንብ ከሆነ ይሁን። ለሁሉም ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ለሁሉም ነው» አልኩት።

ሰውየው በቅሎው በፍርድ እንደሄደችበት ሰው ሆኖ ተጽናንቶ ወጣ። ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ መሆኗን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

3. ሹመት ለምን «ይበላል»?

ከዚያ በኋላ «መብላት» የሚለውን ቃል መከታተል ጀመርኩ። እኔ ከደረሰኙ አንድ ሳንቲም አልበላሁም። ይሁንና ሥልጣኔን፣ ይኸውም የመዝገቡን ብዕር፣ እንደ ራሴ ንብረት ለወደድኩት ሰው ሰጥቻለሁ። ይህ ነገር ከየት መጣ?

በቀድሞው ዘመን ለአንድ ሹም ግዛት ሲሰጠው አገሩን «በላ» ይባል ነበር። ይህ አነጋገር ስድብ አልነበረም፤ የአሠራሩ ትክክለኛ ስም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለሹሙ የወር ደመወዝ አይቆርጥለትም። በጉልት የተሰጠው አገር ገባር ግብሩን በእህል፣ በማር፣ በጉልበት ያገባለታል። ሹሙም ከዚያ ወታደሩን ይቀልባል፣ ግብር ያበላል፣ ለበላዩም ያስገባል። የማይበላ ሹም የማያበላ ሹም ነው። ስለዚህ «ሲሾም ያልበላ» የሚለው አባባል በበቀለበት አፈር ላይ ሲታይ የሌብነት ምክር ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ የሌለውና የሹመቱን ዕድሜ የማያውቅ ሰው የኑሮ ስሌት ነው።

ቋንቋው ራሱ ይህን ዝምድና ይዞታል። ምግባር፣ ግብር፣ ገባር፣ ግብረ ገብ የሚሉት ቃላት ሁሉ የወጡት ሠራ፣ አደረገ የሚል ፍች ካለው «ገብረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ግብር ሥራ ነው፤ ለመንግሥት የሚገባ ነው፤ በአዳራሽ የሚበላ ድግስም ነው። አንዱ የሠራው ሌላው የሚበላው፣ የበላውም ሰው ስለ ምግባር የሚመክርበት ሥርዐት በአንድ የቃል ሥር ውስጥ ተሰብስቧል።

አሁን ግን አንድ ሌላ አነጋገር እናንሣ። አማርኛ «አደራ በላ» ሲል ከባድ ስድብ ነው። አደራ የራስ ያልሆነ ነገር ነው፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ይጠበቃል፤ ባለቤቱ ባይኖር፣ ባያይ፣ ቢሞት እንኳ አይነካም። እንግዲህ ግሡ አንድ ሆኖ ሳለ ሹመት የበላ ሰው ይከበራል፣ አደራ የበላ ሰው ይናቃል። የአገራችን የሙያ ሥነ ምግባር ታሪክ በእኔ አስተያየት በዚህ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፦ ሹመት የሚበላ ነገር ነው ወይስ አደራ?

4. ለልብ የተነገረ፣ ለአሠራር የተነገረ

የቀደሙት መጻሕፍት ስለ ጉዳዩ ዝም አላሉም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ መማለጃ መቀበልንም ይከለክላል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ደግሞ ዳኛ ለባለጸጋ ብቻ ሳይሆን ለድሃም እንዳያደላ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ለድሃ ማድላት እንዴት ጥፋት እንደሚሆን የገባኝ ግን ያ የቀን ሠራተኛ ከፊቴ ከቆመ በኋላ ነው። ለአንዱ ድሃ ሳደላ ሌላው ድሃ በር ላይ ቆሞ ነበር።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ የጥበበኞችን ምክር ሰብስቦ ይዟል። ይህንንና ሌሎችን የግእዝ የጥበብ መጻሕፍት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር አዲስ አበባ ተቀምጠው ተርጉመውና ተንትነው ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ በአምስት ቅጽ አሳትመዋቸዋል። ከመካከላቸው የሚገኘው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጥያቄ ካነሣበት ወዲህ ደራሲው ማን እንደሆነ ሲያከራክር ኖሯል። ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ በጎውንና ክፉውን የምንለይበት ብርሃን ለሰው ሁሉ የተሰጠ ልቡና ነው የሚለው አሳብ በግእዝ ተጽፎ ይገኛል። ተራኪው ያገባት ኂሩት የጌታ ቤት አገልጋይ ነበረች፤ እርሱ ግን ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ እንደ አገልጋይ እንድትታይ አይፈቅድም። አሳቡን በቤቱ ሥራ ላይ አውሎታል ማለት ነው።

እነዚህ መጻሕፍት የሚናገሩት በአብዛኛው ለሹሙ ልብ ነው፤ ፍራ፣ አስተውል፣ አታድላ ይላሉ። ሹሙ ከምን እንደሚበላ አጥብቆ የጠየቀው ትውልድ ዘግይቶ መጣ። ከዚህም ትውልድ ዋነኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ በታተመው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው የንጉሡ ሀብት ከመንግሥቱ ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብርም መጠኑ ታውቆ በገንዘብ እንዲሆን አሳስበዋል። ይህን የጻፉት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሚኒስትር የሚለው ማዕረግ መጥቷል፤ የማዕረጉ አበላል ግን የጥንቱ ነበር።

ሁለት መጻሕፍት በተከታታይ ዓመታት መውጣታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1911 ዓ.ም. ያረፉት የገብረ ሕይወት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ወጣ። የአንደኛው ርእስ ልብን ይጠራል፤ የሁለተኛው ርእስ አስተዳደርን። የሥነ ምግባር ትምህርታችን ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ በእነዚህ ሁለት ርእሶች መካከል ይመላለሳል።

አሠራሩ በቀስታ ተለወጠ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎች በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆነው ደመወዝ እንዲከፈላቸው አደረገ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ጉቦ መቀበሉን በወንጀል አስቀጣ። የጉልት መብት በአዋጅ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዓመት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። በልቦለዱ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጪ የሆነ ነገር ከገበሬዎቻቸው ሲጠይቁ፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላሉ። እምቢታቸው የተነሣው ግብር ለምን ኖረ ብለው ሳይሆን ያለ ደንብ ተጠየቅን ብለው ነው። በሌላ አነጋገር የበቅሎዋንና የጭብጦዋን ክርክር ይከራከራሉ። በሕግ ረገድ መብላት በ1958 ዓ.ም. መሠረቱን አጣ፤ ግሡ ግን ከአፋችን አልወጣም። ደመወዝ የሚቀበለው ሹምም የጥንቱን ምሳሌ ወረሰ።

5. ያለ ፍርድ

አሠራር ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየን ደግሞ አብዮቱ ነው። በ1966 ዓ.ም. ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች ሥልጣናቸውን አላግባብ ተጠቅመዋል፣ በወሎው ረኃብም ተጠያቂነት አለባቸው በሚል መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ምርመራ ጀመረ። በአገራችን ታሪክ ሹማምንት ተቀምጠው ሥራቸውን በጥያቄና በመልስ እንዲያስረዱ የተደረገበት እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ምርመራው ተጠናቅቆ ውጤቱ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለ ሥልጣኖችና መኮንኖች በደርግ ውሳኔ ተረሸኑ።

ከተገደሉት መካከል አደራ የበላ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። የነበረና ያልነበረው ማን እንደሆነ በሸንጎ ሳይለይ በአንድ ሌሊት አለቀ። «ውጤቱ ለብዙኃኑ ይጠቅማል» የሚለው ስሌት ያን ሌሊት ፍርድን ዋጠ። አባባሉ ስለ ጭብጦ ይናገራል፤ እኛ ግን ያለ ፍርድ የሰጠነው የሰው ሕይወት ነበር፤ በኋላም የብዙ ወጣቶች ሕይወት በዚያው መንገድ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የሥነ ምግባርን ነገር ለተቋም ሰጠ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምናያቸው 12 የሥነ ምግባር መርሆዎችም ተስፋፉ፤ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አድልዎ አለመፈጸም፣ አርአያ መሆን ከእነዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። መልካም ቃላት ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ ግን ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ሕፃኑም ሳይተረጎምለት የሚያውቀው «አደራ» የሚለው ቃል ለብቻው አልተጻፈም።

ቃሉ በጎደለበት ምን እንደሚሆን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አየን። አዲስ አበባ ውስጥ ለ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ ተጭበርብሯል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ ከዕጣው ሥርዐት ጋር ግንኙነት የነበራቸው ባለ ሙያዎችና ኃላፊዎችም ተጠርጥረው ተያዙ። ዕጣ የተመረጠው ዘመድ የሌለው ሰው ከባለ ዘመዱ እኩል እንዲሆን ነበር። በእኛ ሰፈርም በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው ሲቆጥቡ የኖሩ ተከራዮች ዜናውን ሲሰሙ ብዙ አልጮኹም። አንዲት ጎረቤቴ «እኔን የቆጨኝ ሳይደርሰኝ መቅረቱ አይደለም» አለችኝ። ቀሪውን አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም።

እኔ ግን በዚያን ጊዜ ደረሰኙን ጽፌ ነበር። የእኔ ብዕር ከእነዚያ ሰዎች ኮምፒዩተር የሚለየው በብሩ መጠን ብቻ መሆኑን እያወቅሁ ከሰፈርተኛው ጋር ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ።

6. ተመልሶ ወደ መዝገቡ

ሦስቱን የፍልስፍና መንገዶች በዚያች ደረሰኝ ላይ እንፈትናቸው። የውጤት ስሌት «ማንም አልተጎዳም» ያለኝ የማላውቀውን ሰው ሳልቆጥር ነው። በሌሊት ወደ ቤቴ የመጡትን ሁለት ሰዎች ቆጠርኩ፤ ሊመጣለት የሚችል ሰው የሌለውን አልቆጠርኩም። የግዴታ ሕግ ጸሐፊ ሁሉ ቀን እየለወጠ ቢጽፍ መዝገብ የሚባል ነገር ይኖራልን? ብሎ ይጠይቀኛል፤ መልሱ ግልጽ ነው። የጠባይ ትምህርት ደግሞ ደግ ነበርህን? ቢለኝ፣ ደግነት የመሰለኝ ነገር በከፊል ይሉኝታ እንደነበር ማመን ግድ ይሆንብኛል። የተከበሩ ሰዎች ጠይቀውኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነበር።

ይሁንና ምሕረቱ ራሱ ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም። ባሏን ያጣች ሴት በአራት ወር ውዝፍ ምክንያት ባዶ እጇን መቅረት አልነበረባትም። ስሕተቱ ምሕረቱን በሌሊት መፈጸሜ ነው። በቀን፣ በጉባኤ፣ በደንብ ቢፈጸም ኖሮ ለቀን ሠራተኛውም ይደርሰው ነበር። ምሕረት የእድሩ ሀብት እንጂ የጸሐፊው ስጦታ አይደለም፤ እኔ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ነበር።

በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥቼ ያደረግሁትን ተናገርሁ። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ነገር ግን ሰፈር ነውና ሁሉም አወቀ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነሣችኝ፤ መብቷ ነው፤ የእኔ ንስሐ በእርሷ ሐዘን ላይ ዳግመኛ ተራምዷል። አንድ አዛውንት «መምህር፣ ይህን ማንሣት አሁን ምን ያደርጋል?» አሉ። ሌላው ግን «የእኔስ ውዝፍ ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣልኝ ነበር?» አለ። ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር አልተደረገም። ደንቡ ተሻሻለ፤ ውዝፍ ያለበት ሐዘንተኛ ውዝፉ ከሐዘን ገንዘቡ ላይ ተቀንሶ ቀሪው እንዲሰጠው፣ ይህም ያለ ማንም አማላጅ ለሁሉም እንዲሆን ተወሰነ። እኔም መቀጫዬን ከፍዬ መዝገቡን ለሌላ ሰው አስረከብሁ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ በአማርኛ የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት ለብዙ ዘመን ለልብ ሲነገር ኖሯል፤ ከገብረ ሕይወት ወዲህ ለአሠራርም ተነግሯል። አሠራሩ ሲለወጥ ግሡ አልተለወጠም፤ በደመወዝ ዘመንም ሹመት «ይበላል»። መርሆዎችን በግድግዳ ላይ መለጠፍ ባይከፋም፣ ሕዝቡ ራሱ የሠራው ጠንካራ ቃል አጠገባችን አለ። ሹመትን፣ ሙያን፣ ብዕርን፣ ኮምፒዩተርን «አደራ» ብለን ብንጠራቸው፣ መብላት የሚለው ግሥ ወዲያውኑ ወደ ስድብነት ይመለሳል፤ ለዚህም አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

የቀን ሠራተኛው ገንዘብ እንዲሰጠው ጉባኤው ወስኖ ነበር። ሆኖም ተከራይ ነውና ከግቢው ለቆ ሄዷል፤ አከራዩም የሄደበትን አያውቁም። አዲሱ ጸሐፊ ገንዘቡን በምን ስም እንደሚመዘግበው ሲጠይቀኝ «አደራ» ብሎ እንዲጽፍ ነገርሁት። እስከ ዛሬ ድረስ በመዝገቡ ላይ በዚሁ ስም ይገኛል።